የስለት ጥላ በኳስ ገንዳ ውስጥ

ጊዜው ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የጥር ወር ነበር። ጤፉ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ በርበሬው ደርቆ ጆንያ ገብቷል። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ሰው ሁሉ ለአስተርዕዮ ማርያም ሽር ጉድ ይላል። እኔ በበዓሉ ዋዜማ የሰባት ዓመት ልጄን አዝዬ፣ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ።

አዝዬ ስል ተሳስቼ አይደለም። ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ አንደኛ ክፍል ገብታ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ እኔ አሁንም አዝላት ነበር። እግሯ ወርዶ ስራመድ ባቴን ይመታኛል። ባለቤቴ ይበልጣል፣ ከሩቅ ስንመጣ አራት እግር ያለው ፍጥረት እንመስላለን ይለኝ ነበር።

ትርሲትን ያገኘኋት ብዙ ደጅ ጠንቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ የመጀመሪያዬን ታቀፍኩ። ጡት ሳትጥል የሳንባ ምች ያዛትና ፍኖተ ሰላም ወስደን አስተኛናት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። እኔም የምችለውን አደረግሁ፤ ከአልጋዋ ሥር ተደፍቼ ለእመቤቴ ተሳልኩ። «ይህችን ልጅ ካተረፍሽልኝ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላት በበዓልሽ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ። እሷንም ላንቺ አደራ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ልጄ ዳነች። ተመስገን።

ከዚያ ወዲያ ግን አደራ የሰጠኋትን ልጅ ከጀርባዬ አላወርድ አልኩ። ባወርዳት እባብ አለ። እንቅፋት አለ። ባጃጅ አለ። የጎረቤት በሬ ቀንዱ ሹል ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ እስከ ክፍሏ በር አዝዬ አደርሳታለሁ፤ ዕረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ በርበሬ እየቀነጠስኩ እጠብቃታለሁ፤ ሲለቀቁ አዝዬ እመለሳለሁ። ልጆቹ «የታዘለችው» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። ስሙን ከእሷ ይልቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ እያልኩ እጽናናለሁ።

አንድ ቀን አስተማሪዋ አጥሩ ድረስ መጣች።

«ትርሲት ፊደሉን ለይታለች፤ በቁጥርም ጎበዝ ናት» አለችኝ። «ዕረፍት ሰዓት ግን ከወንበሯ አትነሣም። ልጆቹ ሲሮጡ በመስኮት ታያቸዋለች። እግሯን ሐኪም አይቶት ያውቃል?»

«እግሯ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አትሮጥም?»

ያን ቀንም አዝዬ ወሰድኳት።

ማታ ለይበልጣል ነገርኩት። እሱ ነገር አያበዛም። «ብርቄ፣ ይህች ልጅ መሮጥ ሳታውቅ ብታድግ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ።

«እንቅፋት ቢመታትስ?» አልኩት።

ዞር ብሎ ተኛ።

እንዲህ ሆነን ነው ስለቱ የደረሰብን። ደህና ጥላ ፍኖተ ሰላም ፈልጌ አጣሁ። የይበልጣል ታላቅ እህት እትዬ አሰገደች ቡሬ ነው የሚኖሩት። አዲሱ ሞል ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቷል፣ ነይ ብለው ደወሉልኝ።

ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ አየንና ሊያግዘኝ ወረደ።

«እግሯን ምን ሆና ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምንም አልሆነችም።»

ትርሲትን አየ፤ እኔን አየ። «እግዚአብሔር ይማራት» አለና የፊቱን ወንበር አስለቀቀልን። ደህና ናት ብዬ ብከራከር ወንበሩ ሊቀርብኝ ነው። አሜን ብዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ አሰገደች መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። ገና ሳይስሙኝ ነገሩን ጀመሩት።

«አንቺ ብርቄ፣ እስከ ሠርጓ ድረስ ነው የምታዝያት?»

«ያን ጊዜ ሙሽራው ይዘላት፣ እትዬ።»

«ሙሽራው አንቺን ጨምሮ እንዳይሸከም ነው የምፈራው።»

ሞሉ ባለ አራት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ስልክና ጫማ፣ ከዚያ በላይ ልብስ። የፈለግነው ሱቅ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ባለሱቁ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥላውን ከመደርደሪያ አውርዶ ጥቂት ገለጥ አደረገልኝ። ቀይ የከፋይ ጨርቅ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። እንባዬ መጣ። የዚያች የሆስፒታል አልጋ ብረት ትዝ አለኝ።

«የስለት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስለትዎን ትቀበልዎ።» ጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወገቡን በክር አሰረው። «ሞላው አዲስ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። ክሩ ከተፈታ በራሱ ይከፈታል። እስከ ነገ አይፍቱት።»

«አልፈታም» አልኩት።

ጥላውን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ከፊት ስለቴ፣ ከኋላ የስለት ልጄ። እንዲያ ሆኜ ወደ ደረጃው ስዞር ከላይኛው ፎቅ ሙዚቃና የልጆች ጩኸት ወረደብን። ትርሲት ጀርባዬ ላይ ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ ላይ ምንድን ነው?»

«የሰው ቤት ነው።»

«የልጆች መጫወቻ ነው» አሉ እትዬ አሰገደች። «ነይ፣ አክስትሽ ታሳይሻለች።»

«እትዬ፣ በዓሉ ነገ ነው፤ መኪና እንዳያመልጠን።»

«መኪናው ካመለጠሽ አንቺን እኔ አዝዬ አደርስሻለሁ» ብለው ደረጃውን ወጡ። ትልቅ ሰው ፊት ፊት ሲሄድ መቅረት አልተማርኩም። ተከተልኳቸው።

በሩ ላይ «ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» የሚል ተጽፏል። እዚህ ላይ ነው መጃጃሌ የሚጀምረው። እኔ በሕይወቴ ጫማ አውልቄ የገባሁት አንድ ቤት ብቻ ነው። ጫማዬን እንዳወለቅሁ የቀረው ሁሉ በራሱ መጣ። ነጠላዬን አመሳቀልኩ፤ አማተብኩ፤ ጎንበስ ብዬ መቃኑን ተሳለምኩ። ቀና ስል ከንፈሬ ያረፈበት ቦታ ላይ አንዲት ሰማያዊ ጥንቸል ጥርሷን ታሳየኛለች።

እትዬ አሰገደች ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። «ተሳለምሻት?»

«አመል ነው።»

«በዓሏ መቼ እንደሚውል ጠይቂልኝ።»

ትርሲትም ሳቀች። ጀርባዬ ላይ ሆና ስትስቅ ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ብዙ ጊዜ አትስቅም ነበር።

ውስጡን እንዴት ልንገራችሁ። መብራቱ ይበራል ይጠፋል። ትንንሽ መኪኖች ይጋጫሉ፤ የሚጋጩትን ልጆች ወላጆቻቸው ያጨበጭቡላቸዋል። ሳንቲም ሲበላ የሚንቀጠቀጥ ፈረስ አለ። መሐል ላይ በመረብ የታጠረ፣ ሦስት ደርብ ያለው ቤት የመሰለ ነገር ቆሟል። በውስጡ ልጆች በፕላስቲክ ቱቦ እየዳሁ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከላይ በሸርተቴ ተንሸራተው በባለቀለም ኳስ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ይወድቃሉ። ይወድቃሉ ስል በፈቃዳቸው ነው። ከፍለው ነው የሚወድቁት።

«እማዬ፣ ልውረድ?» አለችኝ ትርሲት።

ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። እትዬ አሰገደች አዩኝ። ደጋፊ አጣሁና አወረድኳት።

«ገንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ በዪ። ኳስ ያዢ። ወዲያ እንዳትሄጂ።»

እኔም አብሬ ልገባ ስል ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ቆፍጣና ሴት መንገዱን ዘጋችኝ። እዚያ የምትሠራ ናት።

«እማማ፣ ወላጅ ከመረቡ ውጪ ነው የሚቆመው።»

እማማ ያለችኝ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። ያን ቀን በሆነብኝ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የተቀየምኩት በዚህ ነው።

መረቡን በአንድ እጄ፣ ጥላውን በሌላው ይዤ ቆምኩ። ትርሲት ጫፉ ላይ ተቀምጣ አንድ ቢጫ ኳስ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የጥላው ጨርቅ ወደ ታች ተንሸራቶብኝ አጎንብሼ ሰበሰብኩት። ቀና ስል ልጄ የለችም።

ቢጫው ኳስ ብቻ ከቦታው ነበር።

እኔ የወንዝ አገር ሰው ነኝ። ጫፉ ላይ ተቀምጦ የነበረ ልጅ ሲጠፋ የት እንደሚሆን አውቃለሁ። መረቡን ገልጬ ገባሁና በጉልበቴ ወድቄ ኳሱን መዛቅ ጀመርኩ። «ሰመጠች!» አልኩ። ኳሱን በዛቅሁ ቁጥር ሌላ ኳስ ይመጣል።

«እማማ» አለች ባለቀይ ሸሚዟ ከኋላዬ፣ «ገንዳው ከጉልበት አያልፍም።»

ቆም ብዬ አየሁ። እውነትም የተንበረከክሁት ወለሉ ላይ ነው። አጠገቤ ያሉ ልጆች በጸጥታ ያዩኛል። አንዷ ልጅ ከነበረችበት ሳትነሣ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ትርሲት ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበረች። ሸርተቴው አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። አትወርድም፤ አትመለስም። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች «ውረጂ! ውረጂ!» ይሏታል። እሷ አትንቀሳቀስም።

«ፈርታ ደርቃለች» አልኩ።

«ብዙ ልጅ እንዲህ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ትንሽ ይታገሷት። እምቢ ካለች እኔ ወጥቼ አወርዳታለሁ።»

መታገሥ የምችል ሰው ብሆን የሰባት ዓመት ልጅ አዝዬ እመጣ ነበር?

ልወጣ ስነሣ የጥላው ነገር መጣ። ወለል ላይ ላስቀምጠው አልችልም፤ የእመቤቴ ነው። ለማላውቀው ሰው አልሰጠውም። ወደ እትዬ አሰገደች ዞርኩ። እትዬ በሩ ላይ ያለውን የጫማ መደርደሪያ ስላላመኑት የሁላችንንም ጫማ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ቆመዋል።

«አምጪው፣ እኔ ልያዘው» አሉ።

«ጫማ በያዙበት እጅ?»

«ላስቀምጣቸዋ!»

«እጅዎን ካልታጠቡ አይሆንም፣ እትዬ።»

ልጄ ላይ ሆና፣ ነፍሴ ወጥታ፣ ስለ እጅ መታጠብ እከራከራለሁ። ዛሬ ሳስበው ለራሴ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ፍጹም ትክክል ነበርኩ። ጥላውን አቅፌ ቱቦው ውስጥ ገባሁ።

ቱቦው ለልጆች የተሠራ ነው። እኔ ደግሞ በቀሚስ፣ በመቀነትና በነጠላ የተጠቀለልኩ፣ በርበሬ ነግጄ በልቼ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጥላውን ወደ ፊት እየገፋሁ በክርኔ እሳባለሁ። የሰላም ለኪን ጸሎት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወገቤ ያዘ። ወደ ፊት አልሄድም፤ ወደ ኋላ አልመለስም።

ከኋላዬ ልጆች ተከማቹ።

«ምን ሆነ?»

«መንገድ ተዘጋ።»

«ማን ዘጋው?»

«ተሳቢ ቆሟል። ተመለሱ።»

«እማማ፣ ትንፋሽዎን ያስወጡ» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። «እኔም ስያዝ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

አስወጣሁ። ሁለቱን ተረከዞቼን በትናንሽ እጆች ገፉልኝ። አለፍኩ። ማን እንደገፋኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በጸሎቴ ግን አስባቸዋለሁ።

ሦስተኛው ደርብ ላይ ስደርስ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል፤ ፀጉሬ ተፈቷል። ትርሲት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። በዳዴ ቀረብኳት።

«መጣሁልሽ፣ ልጄ። አይዞሽ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ እንባ የለም።

«እማዬ፣ ለምን መጣሽ?»

«ላወርድሽ ነዋ።»

«እያየሁ እኮ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰውን።» በጣቷ አሳየችኝ። «አክስቴ አናታቸው ላይ ሽበት አለ። እስካሁን አይቼው አላውቅም ነበር። አንቺም ስትመጪ አየሁሽ። ከዚህ ሲያዩሽ ትንሽ ነሽ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህች ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ያየችው የእኔን ማጅራት ነው።

«አልፈራሽም?» አልኳት።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ።»

«በይ እንመለስ» ብዬ ወደ ቱቦው ዞርኩ። ቱቦው አፉ ድረስ በልጅ ተሞልቷል። ያ መታጠፊያም ትዝ አለኝ። የቀረው መንገድ ሸርተቴው ነው። ወደ ታች አየሁ። ቡሬ ከነሕዝቧ ከሥሬ ናት። መረቡን ጨበጥኩ።

«እኔ አልችልም» አልኩ። ድምፄ የሕፃን ድምፅ ነበር።

ትርሲት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጀርባዋን አዞረችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች፤ እኔ እሷን ለማዘል ሁልጊዜ እንደምቀመጠው።

«እማዬ፣ ልዘልሽ?» አለች።

ሆዷን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ በሌላው ጥላውን አቀፍኩ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። መርፌ ስትወጋ እኔ የምላት ነው።

ጨፈንኩ። ገፋችን።

ስለ መውረዱ የማውቀው ጥቂት ነው። የጮህኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ስቃለች። መሐል ላይ አንድ ነገር ተበጠሰ። ክሩ ነበር። ኳሱ ውስጥ ስንገባ ጭንቅላቴ ሰመጠ፤ ዓይኔን ስከፍት ዓለሙ ሁሉ ቀይ ነው። የእመቤቴ ጥላ ጨርቁን ወርውሮ፣ ከነወርቃማ ዘርፉ፣ ከኳሱ መሐል ተከፍቶ ቆሟል። እኔና ልጄ ከሥሩ ነን።

ሙዚቃው ቀጥሏል።

ከእጄ እየተንሸራተተ ነበር። ልይዘው ስነሣ ኳሱ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ጥላው ሊጋደም ሲል ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች አንዲት የሙስሊም እናት ከመረቡ ውጪ ሆና በመግቢያው እጇን ዘርግታ ያዘችው። በባዶ እጇ አልነካችውም፤ በሻሿ ጫፍ ነው። ቀጥ አድርጋ ይዛልን ቆመች።

«መሬት መንካት የለበትም፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አይዞሽ፣ አልነካም።» ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ የያዘችው ሳቅ አመለጣት። «በአላህ፣ እንዴት ያለ አወራረድ ነው።»

ያን ጊዜ ከላይ ሦስተኛው ደርብ ላይ አንዷ ልጅ እልል አለች። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ጥላ ከታየ እልል ይባላል። ሌሎቹ ተቀበሏት። ቱቦ ውስጥ ያሉት ሁሉ እልል አሉ። እትዬ አሰገደች ጫማዎቹን እርስ በርስ እያጋጩ አጨበጨቡ። ባለቀይ ሸሚዟ እንኳ ዓይኗን በእጇ ጠረገች፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋትም።

ጥላውን ሰብስበን ጨርቁን ጠቀለልን፤ በመቀነቴ አሰርኩት። ደረጃው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ቁጢጥ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ጠበቅሁ። ማንም አልወጣብኝም። ዞር ስል ትርሲት ታችኛው ፎቅ ደርሳለች።

«ተነሽ» አሉኝ እትዬ አሰገደች። «ተሳፋሪው ወርዷል።»

እስከ ማንኩሳ ድረስ ጀርባዬ በረደኝ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ምክር የለኝም። ጥንቸል ተሳልሞ የመጣ ሰው ምን ይመክራል? የገባኝን ልንገራችሁ። እኔ ልጄን ለእመቤቴ አደራ ብዬ ሰጠሁ፤ ሰጥቼ ግን እጄን አለቀቅሁም። ባለአደራዋን ጠባቂ ሆኜ ስጠብቅ ኖርኩ። እየወደድኳት ነው፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን አንዳንዱ ልጅ የሚጠፋው ከዓይን ርቆ ሳይሆን ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ያን ቀን ባልዋረድ ኖሮ ዛሬም ስምንተኛ ክፍል ድረስ አዝያት ልሄድ አስብ ነበር። ስላዋረደኝ አምላኬን አመሰግነዋለሁ። ቀለል ባለ መንገድ ሊያስተምረኝ ይችል ነበር፤ እኔን ግን ያውቀኛል።

በማግሥቱ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ትርሲት ፊት ፊቴ በእግሯ ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ታቦቷ ከመውጣቷ በፊት ጥላውን ለቄሰ ገበዙ አስረከብኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀኝን ነገር በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ትናንት ተከፍቶብኛል። የማይሆን ቦታ።»

«የት?»

«ቡሬ። ልጆች የሚጫወቱበት ቤት።»

ፊቴን አዩኝ። «ልጆቹ ምን አሉ?»

«እልል አሉ።»

«እንግዲያ ምን አጠፋሽ» አሉና ጥላውን ተቀብለው ወደ ላይ ከፈቱት።

ከከፋዩ እጥፋት አንድ ቢጫ ኳስ ወደቀ።

ድንጋዩ ላይ ነጠረ። በሴቶቹ መሐል አለፈ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፤ በደጀ ሰላሙ ወጥቶ ቁልቁለቱን ያዘ። ቄሰ ገበዙ ኳሱን አዩ፤ እኔን አዩ። ትርሲት ከአጠገቤ ብድግ አለች። አልጠየቀችኝም። ሮጠች።

ልጄ ስትሮጥ ከኋላዋ አይቻት አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ የምትሆነው እሷ ናት። ክርኗ ወደ ጎን ይወጣል፤ ቀሚሷ ይጠላለፋል፤ ሩጫዋ አያምርም። ደጀ ሰላሙ ጋ እንቅፋት መታትና በፊቷ ተደፋች።

አንድ እግሬ ተነሣ። ነጠላዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ።

ትርሲት ተነሣች። ጉልበቷን አየች፤ አራገፈችው። ወደ እኔ ዞር አላለችም። ኳሱን ተከትላ ቁልቁለቱን ወረደች።

እኔ ከቆምኩበት እልል አልኩ። ሴቶቹ ለጥላው መስሏቸው ተቀበሉኝ።